በሜዳው ላይ ማን ያስተምር?

ሴፕቴምበር 2025 ላይ የአሜሪካ መንግሥት ከውጭ ለሚመጣ ባለሙያ በሚቀርብ አዲስ የኤች ዋን ቢ ቪዛ ማመልከቻ ላይ 100,000 ዶላር ክፍያ ጣለ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ወሬው ሁሉ ስለ ኮምፒውተር ባለሙያዎች ሆነ። ከዳኮታ ሜዳዎች የተሰማው ጭንቀት ግን ሌላ ነበር። እዚያ አንዳንድ የገጠር ትምህርት ቤቶች አስተማሪ የሚያገኙት ከፊሊፒንስና ከሌሎች አገሮች ነው። የአንድ አስተማሪ የዓመት ደመወዝ ደግሞ ከዚህ ክፍያ በብዙ ያንሳል። ታዲያ ማን ያስተምር?

ጥያቄው ለሜዳው አዲስ አይደለም። ከካንሳስ በኔብራስካ አልፎ እስከ ዳኮታ የተዘረጋው፣ ዛፍ ብርቅ የሆነበት ሣራማ አገር ፕሬሪ ይባላል። በዚያ አገር ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤቶች በሺዎች ተሠርተው ነበር። ዛሬ ከተረፉት ብዙዎቹ ሙዚየም ሆነዋል። ቀለማቸው ታድሷል፤ ደወላቸው ተወልውሏል። ታሪካቸውን ባነበብኩ ቁጥር የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። ቤቱን ማቆም ያን ያህል ከባድ አልነበረም። ከባዱ ውስጡ ቆሞ የሚያስተምር ሰው ማግኘት ነበር። የተገኘው መልስም በየዘመኑ ይመሳሰላል። ከቤቱ የራቀ፣ ገና ወጣት፣ በትንሽ ገንዘብ የሚሠራ ሰው ነው። አብዛኛውን ጊዜም ሴት።

ነገሩ የሚጀምረው ከመሬት ነው። በ1785 የወጣው የመሬት ደንብ ምዕራቡን እንደ ዳማ ገበታ በአራት ማዕዘን ከፋፈለው። 6 ማይል በ6 ማይል የሆነ ቦታ አንድ ክልል ይሆናል። ክልሉ በ36 ቁራሽ ይከፈላል፤ አንዱ ቁራሽ 640 ኤከር ነው (አንድ ኤከር ከግማሽ ሄክታር ትንሽ ያንሳል)። ከ36ቱ መካከል 16ኛው ለትምህርት ቤት ተተወ። ከ1848 በኋላ በተመሠረቱ አዳዲስ ግዛቶች ደግሞ 36ኛው ተጨመረ። ትምህርት ቤቱ የግድ እዚያ መሬት ላይ ይሠራ ማለት አይደለም። መሬቱ ይሸጣል ወይም ይከራያል፤ ገቢው ለትምህርት ይውላል።

ብዙ ግዛቶች ይህን መሬት በርካሽ ቸበቸቡት። ዳኮታ ከዚህ የዳነችው በአንድ ሰው ግትርነት ነው ማለት ይቻላል። ዊልያም ሄንሪ ሃሪሰን ቢድል የሚባል የቀድሞ ወታደርና ቀያሽ የዳኮታ ትምህርት ኃላፊ ሆኖ ሳለ፣ የትምህርት ቤት መሬት ከ10 ዶላር በታች በኤከር አይሸጥም ብሎ ዓመታት ተከራከረ። በዚያን ጊዜ ይህ ዋጋ እብደት ይመስል ነበር። በ1889 ሰሜንና ደቡብ ዳኮታ፣ ሞንታና እና ዋሽንግተን ግዛት እንዲሆኑ የፈቀደው ሕግ ይህንኑ ዋጋ አጸናው። ደቡብ ዳኮታ ዛሬም ከዚያ መሬት ገቢ ታገኛለች።

እዚህ ላይ ዝም ተብሎ የማይታለፍ ነገር አለ። መሬቱ ባዶ አልነበረም። የላኮታ፣ የፖኒ፣ የኦማሃና የሌሎች ሕዝቦች አገር ነበር። የሰፋሪው ልጅ በእግሩ ትምህርት ቤት ደርሶ ማታ እናቱ ጋ ሲመለስ፣ የእነዚያ ሕዝቦች ልጆች ከቤታቸው እየተወሰዱ አዳሪ ትምህርት ቤት ይገቡ ነበር። በኔብራስካ የጄኖዋ አዳሪ ትምህርት ቤት ከ1884 እስከ 1934 ሠርቷል። በገዛ ቋንቋቸው መናገር ያስቀጣቸው ነበር። የሜዳው ትምህርት ቤት ታሪክ ሲወራ ይህ አብሮ መወራት አለበት ብዬ አምናለሁ።

በ1862 የወጣው ሕግ አምስት ዓመት ኖሮ ላረሰ ሰው 160 ኤከር ይሰጥ ጀመር። ቤተሰቦች ጎረፉ። ልጆች ሲበዙ ጎረቤቶች ተሰብስበው የትምህርት ወረዳ ያቋቁማሉ፤ ሦስት ሰው ቦርድ ይመርጣሉ፤ በራሳቸው ላይ ግብር ይጥላሉ። ልጅ በእግሩ ሊደርስበት በሚችል ርቀት፣ ብዙውን ጊዜ በሁለትና በሦስት ማይል ውስጥ አንድ ክፍል ይሠራል። ካንሳስ ብቻዋን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከ9,000 በላይ የትምህርት ወረዳ ነበራት። እያንዳንዱ የራሱ ቦርድ፣ የራሱ ገንዘብ ያዥ አለው። አንዳንዱ ከአሥር ልጅ በላይ አያስተምርም።

እንጨት ስለሌለ የመጀመሪያዎቹ ቤቶች የተሠሩት ከሜዳው ራሱ ነው። ሣሩ ከነሥሩና ከነአፈሩ በማረሻ እየተቆረጠ እንደ ጡብ ይደረደራል። በብርዱ ወቅት ይሞቃል፤ በሙቀቱ ወቅት ይቀዘቅዛል። ዝናብ ሲመጣ ግን ጣሪያው ጭቃ ያንጠባጥባል፤ እባብም ይወርዳል። ለምድጃው የሚነደው ኩበት ነው፤ ወይም የበቆሎ ቆረቆንዳ፤ ወይም የተጠቀለለ ድርቆሽ። ባቡር ሲገባ ጣውላ መጣ። ነጭ ቀለም የተቀባው ትንሽ ቤት የዚያን ጊዜ ነው። ድንጋይ ያለበት አገር በድንጋይ ሠራ። በካንሳስ ኮረብታ ላይ በ1882 የተሠራው የሎወር ፎክስ ክሪክ የኖራ ድንጋይ ትምህርት ቤት አሁንም ሣሩ መሃል ቆሟል። እስከ 1930 አስተምሯል።

አሁን ወደ አስተማሪዋ እንምጣ።

መጀመሪያ የመጡት ከምሥራቅ ነው። ካትሪን ቢቸር የምትባለው የሴቶች ትምህርት ተሟጋች፣ ምሥራቁ ውስጥ ሥራ ያጡ የተማሩ ሴቶች እንዳሉ፣ ምዕራቡ ውስጥ ደግሞ አስተማሪ ያጡ ልጆች እንዳሉ ትናገር ነበር። ከዚህ ሐሳብ በመነሳት በ1847 አንድ ብሔራዊ ቦርድ ተቋቋመ። የቨርሞንት የቀድሞ ገዥ ዊልያም ስሌድ መሩት። በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ወደ 600 የሚጠጉ ሴት አስተማሪዎችን ላኩ። በዚያ ዘመን አንዲት ሴት ብቻዋን በባቡር፣ በጀልባና በሠረገላ ያን ያህል መንገድ መሄዷ ቀላል ነገር አይደለም።

600 ሰው ግን ለዚያ ሁሉ ሜዳ ምን ያደርጋል? ስለዚህ አገሩ የራሱን ልጆች አስተማሪ አደረገ። ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች የ16 ወይም የ17 ዓመት ልጅ የካውንቲውን (ከግዛት በታች ያለውን አስተዳደር) ፈተና ታልፋለች። የምስክር ወረቀት ታገኛለች። በሚቀጥለው ወር ክፍሉ የእሷ ነው። ከተማሪዎቹ መካከል ከእሷ በዕድሜ የሚበልጥ ጎረምሳ ይኖራል፤ ምክንያቱም ትልልቆቹ ወንዶች እርሻ በሌለበት በብርዱ ወቅት ብቻ ነው የሚመጡት። በሙቀቱ ወቅት ለአስተማሪዎች አጭር ሥልጠና ይሰጣል። ከዚያ ውጭ የሚያግዛት ሰው የለም። የካውንቲው የትምህርት ኃላፊ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ብቅ ይላል።

ቀኗ እንዲህ ነው። ልጆቹ ከመምጣታቸው በፊት ደርሳ ምድጃ ታቀጣጥላለች። ትጠርጋለች። ውኃ ትቀዳለች፤ ባልዲውና መቅጃው የሁሉም ነው። ከዚያ ከአምስት ዓመት ሕፃን ጀምሮ ስምንት ክፍል በአንድ ቤት ታስተምራለች። ፊት ለፊት አንድ አግዳሚ አለ። አንደኛ ክፍሎች ይጠሩና ንባባቸውን ያሰማሉ፤ አሥር ደቂቃ። ይቀመጣሉ። ሦስተኛ ክፍሎች ሒሳብ ይዘው ይመጣሉ፤ አሥር ደቂቃ። በቀን ከ20 በላይ እንዲህ ያለ አጭር ትምህርት ትሰጣለች። ሌላው በድንጋይ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ ትልቁ ትንሹን ያስጠናል። የኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠረ አንባቢ ይህ አይጠፋውም። ትንሹ ልጅ የትልቁን ትምህርት በጆሮው ይሰማል። ጎበዝ ከሆነ ሳይጠሩት ይማራል። ምሳ ሰዓት ላይ ጠዋት ምድጃው ላይ የተጣደው ድንች ይወጣል።

ደመወዙስ? በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ብዙ ቦታ በወር ከ20 እስከ 40 ዶላር ነበር። ለተመሳሳይ ሥራ ለወንድ ይበልጥ ይከፈል ነበር፤ ቦርዶች ሴት የሚመርጡበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። በ1900 በመላ አገሪቱ ከ10 አስተማሪዎች 7ቱ ያህል ሴቶች ነበሩ። የምታድረው በተማሪዎቿ ቤት ነው። በአንዳንድ ወረዳ በየተራው፣ ሳምንት እዚህ ሳምንት እዚያ። ከልጆቹ ጋር አንድ አልጋ ላይ የምትተኛበት ጊዜ አለ። አለባበሷ፣ ቤተ ክርስቲያን መሄዷ፣ ከማን ጋር እንደቆመች፣ ሁሉም የሰፈሩ ጉዳይ ነው። ካገባች ደግሞ በብዙ ወረዳ ሥራዋ አለቀ።

እንዲህም ሆኖ ሥራው ለሴቶች በር ከፍቷል። ባል የሌላት፣ 21 ዓመት የሞላት ሴት በራሷ ስም መሬት ማስመዝገብ ትችል ነበር። ከደመወዛቸው አጠራቅመው የራሳቸውን 160 ኤከር የያዙ አስተማሪዎች አሉ። ካንሳስ በ1861 ግዛት ስትሆን ሴቶች በትምህርት ወረዳ ምርጫ እንዲሳተፉ ፈቅዳለች። ይህ የሆነው በመላ አገሪቱ የመምረጥ መብት ከማግኘታቸው ወደ 60 ዓመት ቀድሞ ነው።

የዚያ ሥራ ክብደት ሁሉ የታየበት አንድ ቀን አለ፤ ጃንዋሪ 12 ቀን 1888። ጠዋቱ ለወቅቱ ባልተለመደ ሁኔታ ሞቃት ነበር። ልጆች ወፍራም ልብስ ሳይደርቡ ወጡ። ከዚያ በዳኮታና በኔብራስካ ላይ የበረዶ ውሽንፍር ድንገት ወረደ። ሰው የገዛ እጁን ማየት አቃተው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የሟቾች ቁጥር 235 ነው፤ ብዙዎቹ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት በመመለስ ላይ የነበሩ ልጆች ነበሩ።

በኔብራስካ ሚራ ሸለቆ ሚኒ ፍሪማን የምትባል ወጣት አስተማሪ ነበረች። ነፋሱ የትምህርት ቤቷን ጣሪያ ገነጠለው። ልጆቹን ይዛ ወጣች፤ ቅርብ ወደነበረ የገበሬ ቤት በሰላም አደረሰቻቸው። ጋዜጦች ጀግና አደረጓት። በገመድ አስራ መራቻቸው የሚለው ታሪክ እውነት ይሁን አይሁን እስከዛሬ ያከራክራል። በዚያው ቀን በፕሌንቪው አቅራቢያ ሎይስ ሮይስ ከሦስት ትንንሽ ተማሪዎች ጋር ነበረች። የሚነድ ነገር አለቀባት። የምታድርበት ቤት ሩቅ አልነበረም፤ ይዛቸው ወጣች፤ መንገዱ ጠፋት። ሦስቱም ልጆች በዚያ ሌሊት በብርዱ ሞቱ። እሷ ተረፈች፤ እግሮቿ ግን ተቆረጡ። ሆልት ካውንቲ ውስጥ ደግሞ የ19 ዓመቷ ኤታ ሻታክ የድርቆሽ ክምር ውስጥ ገብታ ሦስት ቀን ቆየች። በሕይወት ተገኘች። እሷም እግሯ ተቆርጦ፣ ከሳምንታት በኋላ ሞተች።

ስለዚያ ቀን ሲነገር ጀግንነቱ ይወራል። እኔ የማስበው ሌላ ነው። ፍሪማንና ሮይስ የወሰኑት አንድ ውሳኔ ነው። አንዷ ቤት አገኘች፤ ሌላዋ አጣች። ሁለቱንም ወደ ውጭ ያስወጣቸው የራሳቸው ጥፋት አይደለም። አንዱ ጣሪያ ነው፤ ሌላው ማገዶ ነው። ጣሪያ ማጥበቅና ማገዶ ማቅረብ የአስተማሪዋ ሥራ አልነበረም። የመጨረሻውን ውሳኔ የወሰነችውም፣ ዕዳውን የከፈለችውም ግን እሷ ነች።

ትንሿ ክፍል ትልቅ የሕግ ጥያቄም ወልዳለች። በኔብራስካ ቢያትሪስ ከተማ አጠገብ በ1872 የተሠራ ቀይ የጡብ ትምህርት ቤት አለ፤ ፍሪማን ትምህርት ቤት ይባላል። ሰፈሩ ለስብሰባም ለምርጫም ይጠቀምበት ነበር። በ1899 አስተማሪዋ ኢዲት ቢቸር በክፍል ውስጥ መጽሐፍ ቅዱስ ታነባለች፣ ትጸልያለች፣ መዝሙር ታዘምራለች ተብሎ ቅሬታ ተነሳ። ቅሬታውን ያነሳው ዳንኤል ፍሪማን ነው። በ1862ቱ ሕግ መሬት መስጠት በተጀመረበት ቀን፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1863፣ መሬት ያስመዘገበው ሰው መሆኑ ነው። ቦርዱ ከአስተማሪዋ ጎን ቆመ። ፍሪማን ፍርድ ቤት ሄደ። የኔብራስካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1902 ለእሱ ፈረደ።

ሁለተኛው ክርክር እኛን በቀጥታ ይነካናል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀርመንኛ የጠላት ቋንቋ ሆነ። ኔብራስካ በ1919 ባወጣችው ሕግ ስምንተኛ ክፍል ያልጨረሰ ልጅ የውጭ ቋንቋ እንዳይማር ከለከለች። የግል ትምህርት ቤትም ቢሆን። በሃሚልተን ካውንቲ ባለች አንዲት ትንሽ የሉተራን ትምህርት ቤት ሮበርት ማየር የሚባል አስተማሪ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ በጀርመንኛ ሲያስነብብ በ1920 አቃቤ ሕጉ ደረሰበት። ማየር ወደ እንግሊዝኛ ቢቀይር እንደሚያልፉት ያውቅ ነበር፤ በኋላ እንደተናገረው አውቆ ቀጠለ። 25 ዶላር ተቀጣ። ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1923 ሰባት ለሁለት በሆነ ድምፅ ፍርዱ ተሻረ። አስተማሪ ቋንቋ የማስተማር፣ ወላጅም ልጁን የማስተማር ነጻነት አለው ተባለ። ዛሬ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሚኒያፖሊስ፣ በዴንቨር ቅዳሜና እሁድ ልጆቻችን ሀ ሁ የሚቆጥሩት በዚህ ነጻነት ነው። ያገኘነው ከአንድ የሜዳ አስተማሪ ነው።

ጥቁር አሜሪካውያንም በዚህ ሜዳ የራሳቸውን ትምህርት ቤት አቁመዋል። ከባርነት የወጡ ሰዎች በ1877 የመሠረቷት የካንሳሷ ኒኮዲመስ ከተማ በ1918 የተሠራ የትምህርት ቤት ሕንጻዋን እስከዛሬ አቆይታለች።

ታዲያ እነዚህ ሁሉ ትምህርት ቤቶች የት ሄዱ? በ1930 በመላ አሜሪካ አንድ አስተማሪ ብቻ ያላቸው ትምህርት ቤቶች 149,000 ያህል ነበሩ። በ1950 ወደ 60,000 ወረዱ። በ1970 አካባቢ 2,000 ያህል ቀሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው። መንገድ ተሠራ፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ መጣ። ትራክተር ሲገባ የገበሬው ቁጥር ቀነሰ፤ ልጅም ጠፋ። በ1930ዎቹ ድርቅና ኪሳራ ቤተሰቦችን አፈናቀለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ አስተማሪዎቹ ራሳቸው ሄዱ፤ ፋብሪካ ይበልጥ ይከፍል ነበርና። ከዚያ ግዛቶች ከአስተማሪ ዲግሪ መጠየቅ ጀመሩ። ካንሳስ በ1963 ባወጣችው ሕግ በሺዎች የሚቆጠሩ ወረዳዎቿን ወደ 300 አካባቢ አወረደቻቸው።

እውነቱን ለመናገር ብዙ የተገኘ ነገር አለ። ቤተ ሙከራ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ሁለተኛ ደረጃ ለሁሉም። ድሮ አስተማሪዋ ደካማ ከሆነች ልጁ ሌላ አማራጭ አልነበረውም። የቦርዱ ሰዎች ቆጣቢ ከሆኑ ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፤ መጽሐፉ አሮጌ ነው። ይህን ረስቶ ያንን ዘመን መናፈቅ ልክ አይመስለኝም።

የጠፋው ምን እንደሆነ በደንብ የታየው ኔብራስካ ላይ ነው። በ2005 የግዛቱ ምክር ቤት እስከ ስድስተኛ ወይም ስምንተኛ ክፍል ብቻ የሚያስተምሩ ከ200 በላይ ትንንሽ ወረዳዎች ከትልልቆቹ ጋር እንዲዋሃዱ ወሰነ። ገዥው ሕጉን አልፈርምም አሉ፤ ምክር ቤቱ አልፏቸው ሄደ። ወረዳዎቹ በጁን 2006 ፈረሱ። ገበሬዎቹ ፊርማ አሰባስበው ጉዳዩን ለሕዝብ ድምፅ አቀረቡ። በኖቬምበር 2006 የኔብራስካ መራጭ ሕጉን ሻረው። አሸነፉ። ግን ወረዳዎቹ ከአምስት ወር በፊት ፈርሰው ነበር። የፈረሰ ቦርድ፣ የተበተነ ንብረት፣ ሌላ ሥራ የያዘች አስተማሪ በድምፅ አይመለሱም።

ዛሬ የቀሩት የገጠር ትምህርት ቤቶች ችግር የሕንጻ አይደለም። የሰው ነው። በርካታ ወረዳዎች በሳምንት አራት ቀን ብቻ ማስተማር ጀምረዋል። ደመወዝ መጨመር ስላልቻሉ አንድ ተጨማሪ የዕረፍት ቀን ሰጥተው አስተማሪ ለመሳብ ነው። ሌሎች በቪዛ ከሩቅ አገር ያመጣሉ። ከፊሊፒንስ ወደ ዳኮታ የምትመጣ አስተማሪና በ1847 ከቨርሞንት ወደ ምዕራብ የተላከችው ልጅ የሚለያዩበት ብዙ ነገር አለ። ሁለቱንም የጠራቸው ግን በቦታው ያለ ሰው በዚያ ደመወዝ አልሠራም ማለቱ ነው። ስለ ገጠር ትምህርት ቤት ሲከራከሩ ስለ አውቶቡስ ርቀትና ስለ ተማሪ ቁጥር ብዙ እሰማለሁ። ስለ ደመወዙ የምሰማው ግን ጥቂት ነው።

ከሁሉም ግዛት ሞንታና ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤቶችን በብዛት አቆይታለች። ከአንዳንዶቹ ጎን፣ ግቢው ውስጥ፣ ዛሬም አነስተኛ የአስተማሪ መኖሪያ ቤት አለ። ከመቶ ዓመት በፊት ወረዳዎች አስተማሪዋ በሰው ቤት እየተዘዋወረች ከማደር እንድትድን ብለው መሥራት የጀመሩት ዓይነት ቤት ነው። አሁን ክፍት የሥራ ቦታ ሲነገር ቤቱ ከደመወዙ እኩል ይጠቀሳል፤ በዚያ አካባቢ የሚከራይ ሌላ ቤት አይገኝምና።